ስለ ግልገል ድመትና ስለ ቍንጫ

በመተማና በምዕራብ ጎንደር ቈላ ለሚገኙ የገጠር ትምህርት ቤቶች መምህራንና ለአገር ሽማግሎች የቀረበ ትምህርት

መግቢያ

በመተማ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ ቈላ የሚኖር ገበሬ ዓመቱን ሙሉ ደክሞ ያገኘውን ሰሊጥና ማሽላ በጆንያና በጎተራ ካስገባ በኋላ ሌላ ጦርነት ይጠብቀዋል፤ ይኸውም ከዐይጥ ጋራ ነው። ዐይጥ እህሉን ትበላለች፤ ያልበላችውንም በሽንቷና በኵሷ ታበላሻለች፤ ጆንያውንም ትቀዳለች። በዚህ ጦርነት የገበሬው ዘበኛ ድመት ናት። ደመወዝ አትጠይቅም፤ ሌሊቱን በጎተራው ሥር ታድራለች። ስለዚህ በቤት ውስጥ የተወለዱ የድመት ግልገሎች በሞቱ ጊዜ የጠፋው ጥቂት ነገር ነው ተብሎ አይታለፍም፤ የጠፋው የመጪው ዓመት የእህል ጠባቂ ነውና።

4 ወይም 5 ሆነው በደኅና የተወለዱ ግልገሎች ዓይናቸው ከተገለጠ በኋላ አንድ በአንድ እየደከሙ የሚሞቱበት ጊዜ አለ። ባለቤቶቹም አንዱ «ዓይን በላቸው» ይላል፤ ሌላው «እናቲቱ ወተት ነሣቻቸው» ይላል። ለሞታቸው ብዙ ዓይነት ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ ነገር ግን የሞተውን ግልገል የሆዱን ጠጕር ገለጥ አድርጎ የተመለከተ ሰው አንዳንድ ጊዜ ምክንያቱን በዓይኑ ያየዋል፤ እርሱም ቍንጫ ነው። ከዚህም የሚብስ ነገር አለ። ቍንጫውን ያየ ሰው ለማጥፋት ቸኵሎ ለሰሊጥ ተባይ የተገዛውን የእርሻ መርዝ በግልገሎቹ ላይ ቢያፈስስ፣ ቍንጫ በብዙ ቀን የሚያደርሰውን ጥፋት እርሱ በአንድ ቀን ይፈጽመዋል።

እንግዲህ የዚህ ትምህርት አሳብ ሁለት ነው። 1ኛው ቍንጫን በምልክቱ ማወቅ ነው፤ 2ኛው ግልገሉን ሳይጎዱ ቍንጫውን ማጥፋት ነው። አስተማሪው ይህን ለደቀ መዛሙርቱ በክፍል ያስተምራል፤ ሽማግሎችም በደብሩና በመስጊዱ ደጅ፣ በዕድርና በገበያ ለሚሰበሰበው ሕዝብ ያስረዳሉ።

1. ድመት ከሰው ጋራ መኖር የጀመረችበት ምክንያት

እህል በተከማቸበት ስፍራ ዐይጥ ይመጣል፤ ዐይጥ ባለበትም ድመት ትመጣለች። በቆጵሮስ ደሴት 9500 ዓመት ያህል ከሆነው መቃብር ውስጥ የሰውና የድመት ዐፅም ጎን ለጎን ተቀብሮ ተገኝቷል፤ ይህም እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2004 ዓመት ለዓለም ተገልጧል። ከ3 ዓመት በኋላ በ2007 ሊቃውንት የብዙ አገር ድመቶችን ዘር መርምረው የቤት ድመት የተገኘችው ከቅርብ ምሥራቅ የዱር ድመት መሆኑን አስታወቁ። ከዚህ የምንረዳው የሰውና የድመት ቃል ኪዳን የተመሠረተው በጎተራ ደጃፍ ላይ መሆኑን ነው። ሰው እህሉን ከጠበቀችለት እርሱም በፈንታው ድመቲቱንና ልጆቿን ሊጠብቅ ይገባዋል።

2. ቍንጫ ምን ዓይነት ፍጥረት ነው

ቍንጫ ክንፍ የሌለው፣ 6 እግር ያለው፣ ደም እየመጠጠ የሚኖር ትንሽ ተባይ ነው። ርዝመቱ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ትልቁ ቍንጫ ከአንድ የሰሊጥ ፍሬ አይበልጥም። መልኩ ወደ ጥቍረት የሚያደላ ቀይ ነው። አካሉ ከቀኝና ከግራ የተጨፈለቀ ስለ ሆነ በጠጕር መካከል ያለ ችግር እየሰነጠቀ ይሄዳል። የኋላ እግሮቹም ረዣዥሞች ናቸው፤ በእነርሱም ከቁመቱ እጅግ የሚበልጥ ርቀት ይዘላል።

ቍንጫን ከሌሎቹ ተባዮች ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ቅማል ዝግ ብላ ትሄዳለች እንጂ አትዘልም፤ ቅጫሟንም በጠጕር ላይ ታጣብቃለች። መዥገር 8 እግር አለው፤ በአንድ ስፍራ ተነክሶ እስኪጠግብና እስኪያብጥ ድረስ ይቈያል። ሙጀሌ የቍንጫ ወገን ነው፤ ነገር ግን በእግር ጣት ቈዳ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ይህ የምንማርበት ቍንጫ ግን በጠጕር መካከል ይኖራል፤ ብርሃንም ሲያይ ፈጥኖ ይሸሻል።

የቍንጫ ወገን ብዙ ነው። በድመት ላይ የሚኖረውን ቍንጫ ቡሼ የተባለ የጀርመን ሊቅ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1835 ጽፎ ለይቶታል። ስሙ የድመት ቍንጫ ቢባልም በውሻ፣ በጥጃና በፍየል ግልገል ላይም ይገኛል፤ ሰውንም ይነክሳል። የዐይጥ ቍንጫ የሚባለው ደግሞ ሌላ ነው። እርሱን ሮትሽልድ የተባለ እንግሊዛዊ በ1903 ስም አውጥቶ ለዓለም ያሳወቀው ከመተማ ወሰን ማዶ ባለው በሱዳን አገር፣ በዓባይ ዳር ካለችው ከሸንዲ ከተማ በተሰበሰበ ቍንጫ ነው።

3. የቍንጫ አወላለድና አኗኗር

ይህን ክፍል በሚገባ ያላወቀ ሰው ቍንጫን ፈጽሞ ሊያጠፋ አይችልም። የቍንጫ ዕድሜ በ4 ይከፈላል።

1ኛ፤ እንቍላል። እንስቲቱ ቍንጫ ደም ከመጠጠች በኋላ በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ እንቍላል መጣል ትጀምራለች። በቀን ከ20 እስከ 50 ያህል ትጥላለች። እንቍላሉ ነጭ ነው፤ እንደ ቅማል ቅጫም በጠጕር አይጣበቅም፤ ድመቲቱ በተኛችበት ስፍራ ሁሉ ይረግፋል።

2ኛ፤ ትል። ከ2 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ከእንቍላሉ እግር የሌለው ነጭ ትንሽ ትል ይፈለፈላል። ይህ ትል ደም አይመጥጥም፤ ምግቡ ከትልልቆቹ ቍንጮች የሚወርደው ኵስ ነው፤ ኵሱም የደረቀ ደም ነው። ትሉ ብርሃንን ይጠላል፤ ስለዚህ ከጆንያ ሥር፣ ከመደብ ስንጥቅና ከአልጋ በታች ባለው ትቢያ ውስጥ ይደበቃል።

3ኛ፤ በልባስ ውስጥ መቈየት። ትሉ ካደገ በኋላ የሐር ትል እንደሚያደርገው ድር ፈትሎ ራሱን ይጠቀልላል። ድሩም የሚያጣብቅ ስለ ሆነ ትቢያ ይለብሳል፤ በዓይንም አይለይም። በዚህ ልባስ ውስጥ ጊዜው የተመቸ እንደ ሆነ ጥቂት ቀን ብቻ ይቈያል፤ ያልተመቸ እንደ ሆነ ግን እስከ 5 ወር ድረስ ሊቈይ ይችላል።

4ኛ፤ ትልቁ ቍንጫ። በልባሱ ውስጥ ያለው ቍንጫ የሚወጣው የእግር ኮቴ መሬቱን ሲያናውጠው፣ ሙቀትና ትንፋሽም ሲደርሰው ነው። በዚያው ጊዜ ዘሎ በሰው ወይም በእንስሳ ላይ ይወጣል።

ሽማግሎች የሚያውቁት አንድ ነገር በዚህ ይፈታል። ለሰሊጥ አጨዳ የመጡ ሠራተኞች ወራት ተዘግቶ ወደ ቈየ የእርሻ ጎጆ ሲገቡ በመጀመሪያው ሌሊት ቍንጫ ያጥለቀልቃቸዋል። ሰው ያልኖረበት ቤት ይህን ያህል ቍንጫ ከወዴት አገኘ ብለው ይደነቃሉ። ቍንጫው በልባሱ ውስጥ ሆኖ የሰውን ኮቴ ሲጠባበቅ ኖሯል። እንዲሁም በክረምት በተዘጋ ትምህርት ቤት ውስጥ ድመት ወልዳ የሄደች እንደ ሆነ፣ በመስከረም ክፍሉ ሲከፈት ቍንጫው በልጆቹ እግር ላይ ይወጣል።

4. ቍንጫ ግልገሉን የሚገድልበት ምክንያት

ትልቅ ድመት ጥቂት ቍንጫ ቢኖርባት ታሳክካለች እንጂ አትሞትም። ግልገሉ ግን ደሙ ጥቂት ነው። አዲስ የተወለደ ግልገል ክብደቱ 100 ግራም ያህል ነው፤ በአካሉ ያለው ደም ሁሉ ቢሰበሰብ 6 ሚሊ ሊትር ያህል ይሆናል፤ ይህም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ብዙ አይበልጥም። በምርመራ እንደ ታወቀው 72 እንስት ቍንጮች በአንድ ቀን 1 ሚሊ ሊትር ደም ይመጥጣሉ።

እንግዲህ 300 ግራም የሚመዝን ግልገል 18 ሚሊ ሊትር ያህል ደም አለው። በላዩ 144 እንስት ቍንጮች ቢኖሩ በቀን 2 ሚሊ ሊትር ይወስዱበታል፤ በ9 ቀን ውስጥም የደሙን ሁሉ ያህል ይመጥጣሉ። አካሉ አዲስ ደም ለመሥራት ይደክማል፤ ነገር ግን የሚወጣው ከሚገባው ሲበልጥ ጎተራው ባዶ መቅረቱ አይቀርም። ግልገሉም ይቀዘቅዛል፤ ጡት ለመጥባት ኃይል ያጣል፤ ጡት ባለመጥባቱም ይብስ ይደክማል፤ በመጨረሻውም ይሞታል። እናቲቱ ወተት የነሣችው የሚመስለው ስለዚህ ነው፤ ነገር ግን የነሣችው እርስዋ አይደለችም፤ እርሱ ለመጥባት ዐቅም አጥቶ ነው።

5. ቍንጫ መኖሩን ማወቂያ

1ኛ፤ ጠጕሩን መግለጥ። ግልገሉን በብርሃን ስፍራ አስተኝቶ በአንገቱ ዙሪያ፣ ከጆሮው በስተኋላ፣ በጅራቱ ሥር፣ በሆዱና በብብቱ ያለውን ጠጕር ቀስ አድርጎ መግለጥ ነው። ቍንጫው ሲሸሽ ይታያል።

2ኛ፤ የእርጥብ ጨርቅ ፈተና። ቍንጫው ፈጥኖ ቢሰወርም ኵሱን መሰወር አይችልም። ግልገሉን በነጭ ጨርቅ ላይ አቁሞ ጠጕሩን በማበጠሪያ ሲያበጥሩት እንደ ተፈጨ ቍንዶ በርበሬ ያለ ጥቍር ነገር ይረግፋል። ይህ ተራ ትቢያ ነው ወይስ የቍንጫ ኵስ ነው ብሎ ለመለየት ጨርቁን በጥቂት ውኃ ማራስ ነው። ጥቍሩ ነገር በውኃው ተፈትቶ ወደ ቀይ ቡናማ ከተለወጠ ደም ነው፤ ቍንጫም አለ ማለት ነው። ሳይለወጥ ከቀረ አፈር ነው። ከጥቍሩ ጋራ እንደ ጨው ያለ ነጭ ነገር ቢታይ የቍንጫው እንቍላል ነው።

3ኛ፤ ድድን መመልከት። የግልገሉን ከንፈር በጣት ገለጥ አድርጎ ድዱን መመልከት ነው። የጤናማ ግልገል ድድ ቀላ ያለ ነው። እንደ ጥጥ የነጣ እንደ ሆነ ደሙ አልቋል፤ ጊዜም የለም።

4ኛ፤ ጠባዩን መመልከት። ጤናማ ግልገል ጠብቶ ይተኛል፤ ሲነቃም ይጫወታል። ቍንጫ የበዛበት ግልገል ግን ያለ ዕረፍት ያሳክካል፤ ይጮኻል፤ ጠጕሩ ይቆማል፤ ከዚያም ዝም ይላል። ይጮኽ የነበረ ግልገል ዝም ባለ ጊዜ ተሻለው ብሎ መተው ትልቅ ስሕተት ነው።

5ኛ፤ ዓይነ ምድሩንና የጅራቱን ሥር መመልከት። በዚያ የሰሊጥ ፍሬ ወይም ሩዝ የሚመስል ነገር ተጣብቆ ቢገኝ ከኮሶ ወገን የሆነ ትል ቍራጭ ነው። ይህ ትል ወደ ድመት የሚገባው ድመቲቱ ጠጕሯን ስትልስ ቍንጫ ስለምትውጥ ነው። ስለዚህ ኮሶው ራሱ የቍንጫ መኖር ምስክር ነው።

6. ግልገሉን ከቍንጫ ማጽዳት

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ዕቃ በማንኛውም ቤት የሚገኝ ነው፤ ጥርሱ የተቀራረበ የቅማል ማበጠሪያ፣ ለገላ የሚሆን ለስላሳ ሳሙና፣ ለብ ያለ ውኃ፣ አንድ ሳሕንና 2 ደረቅ ንጹሕ ጨርቅ።

በማበጠሪያ ማጽዳት። ይህ ለሁሉም ዕድሜ የሚሆን ነው፤ በተለይም 4 ሳምንት ላልሞላው ግልገል ከሁሉ የተሻለ ነው። በሳሕኑ ሙቅ ውኃ አድርጎ ሳሙና መበጥበጥ ነው። ከዚያም ከራሱ ወደ ጅራቱ ቀስ እያሉ ማበጠርና ማበጠሪያውን በየጊዜው በሳሙናው ውኃ መንከር ነው። ሳሙና የሚጨመርበት ምክንያት አለው፤ ቍንጫ በንጹሕ ውኃ ላይ ተንሳፎ ዘሎ ሊወጣ ይችላል፤ ሳሙና የገባበት ውኃ ግን አይሸከመውምና ይሰጥማል። ቍንጫውን በጥፍር መጨፍለቅ አይገባም፤ በውስጡ ያለው ደምና ኵስ በሽታ ሊያመጣ ይችላልና።

በውኃ ማጠብ። ቍንጫው እጅግ የበዛ እንደ ሆነ ግልገሉ ይታጠባል። የሚታጠብበትም ጊዜ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ከ3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት፣ ነፋስ በሌለበት ስፍራ ነው። የውኃው ሙቀት በክንድ ተፈትኖ ለብ ያለ ብቻ ይሁን። መጀመሪያ በአንገቱ ዙሪያ የሳሙና ዐረፋ መቀባት ነው፤ ያለዚያ ቍንጫው ሁሉ ከውኃው ሸሽቶ ወደ ጆሮውና ወደ ዓይኑ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ቀሪውን አካል ሳሙና ቀብቶ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ አጥቦ ማለቅለቅ ነው። ራሱን ውኃ ውስጥ መንከር ክልክል ነው፤ ፊቱ በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ይጠረጋል። ወዲያው በደረቅ ጨርቅ አድርቆ በሌላ ደረቅ ጨርቅ መጠቅለልና እስኪሞቅ ድረስ መያዝ ነው። ትንሽ ግልገል የራሱን ሙቀት መጠበቅ አይችልም፤ በቈላ ሙቀትም ቢሆን እርጥብ ሆኖ የተተወ ግልገል ሊሞት ይችላል።

ደክሞና ቀዝቅዞ የተገኘ ግልገል አስቀድሞ ይሞቃል እንጂ አይታጠብም። በጨርቅ በተጠቀለለ የሙቅ ውኃ ጠርሙስ አጠገብ ይቀመጣል፤ ሲነቃቃም ወደ እናቱ ጡት ይቀርባል። የላም ወተት ብዙ ጊዜ ለግልገል ተቅማጥ ያመጣል፤ የእናቱ ወተት ይሻለዋል። እናቲቱ ሥጋ፣ ጉበት ወይም ዓሣ ብትመገብ ወተቷም ይበዛል፤ 4 ሳምንት ያለፈው ግልገልም ጥቂት የበሰለ ጉበት ቢቀምስ ለደሙ ይረዳዋል።

እናቲቱን አለማጽዳት ሥራውን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። ግልገሎቹ ጸድተው ቍንጫ ወዳለባት እናት ቢመለሱ በዚያው ሌሊት እንደ ቀድሞው ይሆናሉ። በቤቱ ያለ ውሻም አብሮ ይጽዳ። ማበጠሩ በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንቶች በየቀኑ፣ ከዚያም በኋላ በየ2 ወይም በየ3 ቀኑ ይደረጋል፤ በልባስ ያለው ቍንጫ ቈይቶ ስለሚወጣም እስከ 3 ወር ድረስ አይቋረጥም።

ስለ መድኃኒት። ዛሬ ለድመት ተብለው የተሠሩ የቍንጫ መድኃኒቶች አሉ፤ ፊፕሮኒልና ሴላሜክቲን ከእነዚህ ወገን ናቸው። ነገር ግን በቈዳ ላይ ከሚንጠባጠቡት ብዙዎቹ 8 ሳምንት ላልሞላው ግልገል አይሆኑም። ስለዚህ በወረዳው ያለውን የእንስሳት ሐኪም ሳይጠይቁ፣ በዕቃው ላይ የተጻፈውንም ዕድሜና ክብደት ሳያነቡ መስጠት አይገባም። ድዱ የነጣ ግልገል ግን ሳይዘገይ ወደ እንስሳት ሐኪም ይወሰድ።

7. ፈጽሞ የተከለከለ ነገር

ድመት በቀን ብዙ ጊዜ ጠጕሯን ትልሳለች፤ «ድመት መንኵሳ ዐመሏን አትረሳም» እንደ ተባለ ይህ ልማዷ ሁልጊዜ አብሯት ነው። ስለዚህ በጠጕሯ የተቀባ ነገር ሁሉ ወደ ሆዷ እንደ ገባ ይቈጠራል። በዚህ ምክንያት ከዚህ ቀጥሎ የተጻፉት በድመትና በልጆቿ ላይ አይደረጉም።

1ኛ፤ ለሰሊጥ፣ ለጥጥና ለጎተራ ተባይ የሚረጭ ማናቸውም የእርሻ መርዝ፤ ማላታይን ወይም ሌላ ቢሆን።

2ኛ፤ ለከብት መዥገር የሚረጨው ዲያዚኖንና ለከብት በመርፌ የሚሰጠው አይቨርሜክቲን። ለ300 ኪሎ በሬ የተሠራ መድኃኒት ለ300 ግራም ግልገል በግምት አይመጠንም።

3ኛ፤ ለውሻ ተብሎ የተሠራ፣ ፐርሜትሪን ያለበት የቍንጫ መድኃኒት። ውሻውን ሳይጎዳ ድመቲቱን ይገድላል። ምክንያቱም የድመት ጉበት ይህን መርዝ ፈትቶ ለማስወገድ ያለው ኃይል እጅግ ያነሰ ነው። መርዙ የነካት ድመት ትንቀጠቀጣለች፤ ለሐጭ ታዝረከርካለች፤ ትወድቃለች።

4ኛ፤ ለወባ መከላከያ የታደለ፣ መድኃኒት የተነከረበት አጎበር። ይህ አጎበር በአልጋ ላይ ተዘርግቶ ሰውን ከወባ የሚያድን ነውና ከዚያ አይነሣ፤ አርጅቶ ቢቀደድም ለግልገሎች መኝታ አይነጠፍ።

5ኛ፤ ላምባ፣ ቤንዚን፣ የትንባሆ ውኃና የኒም ዘይት። ላምባ ቈዳን ያቃጥላል፤ በትንባሆ ያለው ኒኮቲን መርዝ ነው፤ የኒም ዘይትም ድመትን መርዞ ተገኝቷል።

6ኛ፤ እንዶድ። እንዶድ ለልብስ ማጠቢያ የታወቀ ነው፤ ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማም በ1964 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በዐድዋ የብልሃርዝያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የተመለከቱት ተክል ነው። ነገር ግን ዓይንንና አፍን እጅግ ያቃጥላልና ጠጕሩን የሚልስ እንስሳ አይታጠብበትም።

መርዝ ስቶ የነካው ግልገል ቢኖር ሳይልሰው ወዲያው በለብታ ውኃና በሳሙና ታጥቦ፣ ደርቆና ሞቆ ወደ እንስሳት ሐኪም ይወሰድ። የሚያጥበው ሰውም እጁን ይጠብቅ። መርዙ የተቀባበትን ግልገል ሕፃናት አቅፈው በደረታቸው እንደሚያስተኙትም ማሰብ ይገባል፤ በግልገሉ ላይ የፈሰሰው መርዝ በልጁ እጅና አፍ ላይ እንደ ፈሰሰ ነው።

8. ቤቱን ማጽዳትና የሚጸዳበት ወራት

በድመቲቱ ላይ የሚታየው ቍንጫ ከጠቅላላው ጥቂቱ ነው፤ እንቍላሉ፣ ትሉና በልባስ ያለው ከመኝታዋ ላይ ነው። ስለዚህ ግልገሉን አጽድቶ መኝታውን መተው ማሳውን ትቶ ዳሩን እንደ ማረም ነው።

የግልገሎቹ መኝታ አሮጌ ጨርቅ ከሆነ በየሳምንቱ በፈላ ውኃ ይቀቀልና በፀሐይ ይሰጣ፤ ሣር ወይም አሮጌ ጆንያ ከሆነ ከቤት ርቆ ይቃጠል። ወለሉ፣ የመደቡ ሥርና የጎተራው ሥር በየቀኑ ይጠረግ፤ ጥራጊውም በደጅ አይጣል፤ ይቃጠል ወይም ይቀበር። የወለሉ ስንጥቅ በጭቃና በእበት ተለቅልቆ ይደፈን፤ ትሉ የሚደበቅበት ስፍራ እርሱ ነውና።

የቈላው ፀሐይ ለዚህ ሥራ ትልቅ ረዳት ነው። የቍንጫ ትል መሬቱ ከ35 ዲግሪ በላይ ብዙ ሰዓት ሲግል አይድንም፤ ድርቀትም ይገድለዋል። በመጋቢትና በሚያዝያ በመተማ ሜዳ ላይ የተዘረጋ ጆንያና ቍርበት ከዚህ በላይ ይግላል። ነገር ግን ፀሐይ የማይደርስበት የቤት ውስጥ ጥላ ለትሉ መሸሸጊያ ይሆነዋል። ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ሲዘንብ አየሩ ይረጥባል፤ ቍንጫም ይበዛል። ስለዚህ አስተዋይ ሰው ዝናቡ ሳይገባ በግንቦት የቤቱን ዕቃ ሁሉ ወደ ፀሐይ አውጥቶ ቤቱን ያጸዳል። ድመት የምታረግዘው 2 ወር ያህል ነው፤ ሆዷ መግፋቱ እንደ ታወቀ እርስዋን ማበጠርና ንጹሕ መኝታ ማዘጋጀት ከመውለዷ በኋላ ከሚደረገው ድካም ሁሉ ይበልጣል።

9. ስለ ሰው ጤና

1ኛ፤ ቀደም ብሎ የተነገረው የኮሶ ወገን ትል ወደ ሕፃናትም ሊገባ ይችላል፤ ይህም ሕፃኑ ሳያውቅ ቍንጫ ሲውጥ ነው። ልጆች ግልገል ከያዙ በኋላ ሳይታጠቡ እንዳይበሉ ማስተማር ያስፈልጋል።

2ኛ፤ የቍንጫ ኵስ በድመት ጥፍር ውስጥ ገብቶ ድመቲቱ ሰው ስትቧጭር ትኩሳትና የንፍፊት እብጠት የሚያመጣ በሽታ ያስተላልፋል። ከተስቦ ወገን የሆነ አንድ በሽታም በዐይጥና በድመት ቍንጫ ይተላለፋል።

3ኛ፤ ፖል ሉዊ ሲሞን የተባለ የፈረንሳይ ሐኪም እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1898 በካራቺ ከተማ መርምሮ ታላቁን ወረርሽኝ ከዐይጥ ወደ ሰው የሚያሻግረው የዐይጥ ቍንጫ መሆኑን አሳየ። ዐይጥ በሞተች ጊዜ ቍንጫዋ ሌላ ደም ፍለጋ ትቷት ይሄዳል። ስለዚህ የሞተ ዐይጥ በባዶ እጅ አይነሣ።

4ኛ፤ በዚህ ቈላ የሚገኘው ካላ አዛር በቍንጫ አይተላለፍም፤ የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ነው። ወባም በትንኝ ነው። እንግዲህ ቍንጫ አጥፍቻለሁ ብሎ አጎበርን መተው አይገባም። ትኩሳቱ የረዘመበትና ጣፊያው ያበጠበት ሰው ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

5ኛ፤ ግልገሉ ሲታጠብ ቢነክስ ቍስሉ ወዲያው በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይታጠብና ሰውዬው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይተላለፋልና።

10. ለአስተማሪው

አስተማሪው የእርጥቡን ጨርቅ ፈተና በክፍል ውስጥ በነጭ ወረቀት ላይ ቢያሳይ ልጆቹ አይረሱትም። ለፈተናው ኵሱ ብቻ ይበቃል፤ ድመቲቱን ወደ ክፍል ማምጣት አያስፈልግም። ከዚያ በኋላ የሚከተለውን ይጠይቃል።

1ኛ ጥያቄ፤ 10 እንስት ቍንጮች እያንዳንዳቸው በቀን 30 እንቍላል ቢጥሉ በ7 ቀን ስንት ይሆናል? መልስ፤ 2100።

2ኛ ጥያቄ፤ 400 ግራም የሚመዝን ግልገል 24 ሚሊ ሊትር ደም ቢኖረው፣ 216 እንስት ቍንጮችም ቢኖሩበት፣ በስንት ቀን የደሙን ሁሉ ያህል ይመጥጣሉ? መልስ፤ በቀን 3 ሚሊ ሊትር ስለሚወስዱ በ8 ቀን።

3ኛ ጥያቄ፤ ግልገሉን ብቻ አጥቦ መኝታውን የተወ ሰው ምን አጎደለ?

4ኛ ጥያቄ፤ ለውሻ የሚሆን መድኃኒት ለድመት የማይሆነው ስለ ምን ነው?

እነዚህን የመለሰ ልጅ ወደ ቤቱ ሲገባ የግልገሎቹን ድድ ይመልከት፤ ያየውንም ለወላጆቹ ይንገር። ሽማግሎችም የእርሻ መርዝ ዕቃ ከግልገልና ከሕፃናት እጅ ርቆ፣ ተቈልፎ እንዲቀመጥ ይምከሩ። አንድ ማበጠሪያና አንድ ሳሕን የሳሙና ውኃ የሚያድኑትን ነፍስ በመርዝ ማጥፋት የድኻውንም የባለጠጋውንም ጎተራ ያለ ጠባቂ ያስቀረዋል።